ያፈረው ብር

ሦስት ጎድጓዳ ሳህኖች አሉኝ። ነጩ የወርቅ ነው፣ ሰማያዊው የብር፣ ቀዩ የመዳብና የነሐስ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። መዳብ የታጠበበት ሳህን ውስጥ ብር የሚከት ሰው ካየሁ በእጄ ባልመታው እንኳ በዓይኔ እመታዋለሁ። ቁጡ ናት ይሉኛል። ውሸታቸውን አይደለም።

በሠራሁበት ወርቅ ቤት ስሜ ሳሙና ነበር። የቆሸሸ ጌጥ አምጥተው “ይኼስ ምን ይሻለዋል?” ባሉኝ ቁጥር መልሴ “ለብ ያለ ውኃና ሳሙና” ስለነበር ነው ያወጡልኝ። ይሳቁ እንጂ እውነቱ ይኸው ነው። ወርቅ ከለብታ ውኃ፣ ከለስላሳ ሳሙናና ካረጀ የጥርስ ብሩሽ ሌላ ምንም አይፈልግም። ወርቅ ግድ የለሽ ነው፤ ከሰው ገላ ስብ ይይዛል እንጂ ሌላ ነገር አይነካውም። የወርቅ ቅብ ከሆነ ግን ብሩሽ አይቀርበውም፤ በእርጥብ ጨርቅ አበስ አድርጎ መተው ነው። ደጋግሞ የፈተገው ሰው በመጨረሻ የሚፈትገው ወርቅ ያጣል። መዳብ ሎሚና ጨው ይወዳል፣ ቶሎ ካላለቀለቁት ግን መልሶ ይጠቁራል። ዕንቁ ከነክሩ ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍም። ብር ደግሞ ሆደ ባሻ ነው። አየሩ ይሰማዋል፣ ላቡ ይሰማዋል፣ ሽቶው ይሰማዋል። ማንም ሳይነካው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይጠቁራል። ብርን ማባበል ያስፈልጋል፤ ማባበል ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ይኼን ሁሉ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ብር ሠሪ ነበር፤ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። ሥራው ላይ የሚመታት ምልክት እንኳ እሱን ትመስላለች፦ ሁለት ነጥብ፣ ከሥራቸው ደግሞ ጫፍና ጫፏ ወደ ታች የወረደ አንዲት ጭረት። የተኮሳተረ ፊት። አስቦበት አይደለም፤ የመምቻው ጫፍ ተሸርፎበት ነው ጭረቷ እንደዚያ የጎበጠችው። ደንበኞቹ ግን ወደዷት። “ያ ኩርፍተኛ አለበት?” እያሉ ጌጡን ገልብጠው ያያሉ፤ ፊቷ ካለች ብሩ ብር ነው፣ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ለኔ የተወልኝ ያንን ስሙንና በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሠርቶ ጣቴ ላይ ያጠለቃትን ቀለበት ነው። ሌላ ነገር አልነበረውም።

አሥር ዓመቴ ሳይሆን አይቀርም፣ አንድ ቀን ልርዳህ ብዬ ጉድ ሠራሁ። ብር ከተበየደ በኋላ እሳቱ ያጠቆረው እንዲለቅ አሲድ ውስጥ ይነከራል። አባቴ የሚነክረው በእንጨት መቆንጠጫ ነበር። እኔ መቆንጠጫው ርቆኝ ያገኘሁትን የብረት ፒንሳ አንስቼ አንድ የጆሮ ጉትቻ ይዤ ነከርኩ። ሳወጣው እንደ ሸክላ ቀልቷል። ብሩን መዳብ አደረግኩት ብዬ ጮኼ አለቀስኩ። ያ የማይስቅ ሰው ያን ቀን ሳቀ።

“አይዞሽ፣ አፍሮ ነው” አለኝ። “ብረት ሲነካው ያፍራል።”

ቆይቶ በደንብ አስረዳኝ። አሲዱ ውስጥ ስንት ጌጥ ስለሚነከር ከየጌጡ የለቀቀ መዳብ ይጠራቀምበታል። በእንጨት እስከነካነው ድረስ መዳቡ እዚያው አርፎ ይቀመጣል። ብረት ሲገባ ግን ከተኛበት ተነስቶ ብሩ ላይ ይለጠፋል። ከትንፋሽ የሳሳ ሽፋን ነው፤ ብሩ ከሥር አንድም ነገር አልሆነም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ብር እንዲህ ሲቀላ “አፈረ” እንላለን። ሌሎች አንጥረኞችም ከሱ ወስደውት ነው መሰለኝ፣ ይሉታል።

እንግዲህ ወደ ወርቅ ቤቱ ልምጣ። ሦስት ነበርን። ከፊት፣ ባንኮው ጋ፣ ዳይሬክተሩ። ዳይሬክተር የሆነው ራሱን ሾሞ ነው። ሱቁ የአባቱ ነበር፤ ሽማግሌው ከሦስት ዓመት በፊት ሲሞቱ ልጅየው መጀመሪያ ያደረገው ነገር “ዋና ዳይሬክተር” የሚል ካርድ ማሳተም ነው። የሚያስተዳድረው ሁለት ሰው! ከኋላ ክፍል እኔና አንጥረኛው ነን። አንጥረኛውን እህም እንለዋለን። ሊናገር ሲል “እህም” ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሁላችንም እንዞራለን፣ ከዚያ ይተወዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ ከእህም ያለፈ ንግግሩ በጣት የሚቆጠር ነው።

ዳይሬክተሩን ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ከሚልበት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። “እትዬ፣ እትዬ” እያለ ጌጥ ከምናደርቅበት የሰጋቱራ ሳጥን ውስጥ የወደቀ ዶቃ ሲፈልግልኝ ነው ያደገው። ካርዱ ከታተመ በኋላ ግን እትዬ መሆኔ ቀረና እሱም እንደ ሌላው ሳሙና ይለኝ ጀመር። ደንበኛ ፊት “እርስዎ” እንድለውም ታዘዝኩ። እሺ አልኩ። ምን ይከብደኛል፣ ቃል ኪሎ የለው። ኋላ ክፍል ስንገባ ግን አንተ ነው።

ጠባችን የጀመረው በማስታወቂያ ነው። የፊት መስታወቱ ላይ “ጌጥዎን በአሥር ደቂቃ እንደ አዲስ!” የሚል አስለጠፈ።

“የትኛውን ጌጥ?” አልኩት።

“ማንኛውንም።”

“ወርቁን እሺ ይሁንልህ። ብሩስ? ቅቡስ?”

“ማሽን እናስመጣለን።”

ማሽኑ አልመጣም። ማስታወቂያው ግን እዚያው ተለጥፎ ከረመ፤ ደንበኛ ሁሉ ሰዓቱን እያየ ባንኮው ላይ ጣቱን ያንኳኳ ጀመር።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ሳሙና አለቀብኝ። “ሳሙና ሳሙና ልትገዛ ሄደች” አልኳቸውና ወጣሁ። እህም እንኳ ፈገግ አለ። ከሁለት ሱቅ አጥቼ በሦስተኛው አገኘሁ፤ እንግዲህ ከግማሽ ሰዓት አልበለጥኩም። ስመለስ በሩን ገፋ ከማድረጌ የዳይሬክተሩ ድምፅ ተቀበለኝ። ያ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ የሚመስለው የለሰለሰ ድምፁ ነው።

“እማማ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ተታለው ነው። ውስጡ መዳብ ነው። እኛ እድፉን ስናነሳለት የተለበጠው ብር አብሮ ተነሳና ጉዱ ወጣ።”

ባንኮው ፊት የቆሙት ቲቸር ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ማንበብና መጻፍ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ስንት ዓመታቸው፣ ዛሬም ቦርሳቸው ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ አይጠፋም፣ የተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ ስህተት ካዩ ሳያርሙ አያልፉም። አሁን ግን ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ፊታቸው አንድ የአንገት ሐብል አለ። እንደ ሸክላ ቀልቷል።

“የእናቴ ነው” አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አላውቅም። “አርባ ዓመት አንገቷ ላይ ኖሯል። ጠቆረ ብዬ አጽድቼ ለልጄ ልሰጣት ነበር እኮ።”

ቀስ ብዬ ሐብሉን አነሳሁና ማያያዣውን ገለበጥኩት። ሁለት ነጥብ፣ አንድ ጭረት። አባቴ ተኮሳትሮ አየኝ።

ከሐብሉ ጎን የሱቁ ወረቀት ተቀምጧል። ለመረመርነው ጌጥ ሁሉ የምንሰጠው፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። በዳይሬክተሩ እጅ “የአንገት ሐብል፤ መዳብ፣ በብር የተለበጠ” ተብሎ ተጽፏል። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

“ሠሪው ሞቷል መሰለኝ” አሉ ቲቸር። ሐዘናቸው ወደ ቁጣ ሲዞር በድምፃቸው ሰማሁት። “ዓይኑን በጨው አጥቦ እናቴን አታሏታል ማለት ነው! እህቶቼም የሱ ሥራ አላቸው። ጎረቤቶቼም አላቸው። ይኼንን ወረቀት ይዤ ቤት ለቤት ነው የምዞረው። ስንቱን እንደበላ ሰዉ ይወቀው።”

“ብር ነው” አልኩ።

ዳይሬክተሩ በዓይኑ ጠቀሰኝ። “ሳሙና፣ ወደ ውስጥ ግቢ።”

“ብር ነው። ንጹህ ብር።”

ክርኔን ያዘና “ይቅርታ እማማ፣ አንድ ደቂቃ” ብሎ ወደ ኋላ ክፍል ወሰደኝ።

ምንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። የአሲዱ ማሰሮ ክዳኑ ተነስቷል። አፉ ላይ የብረት ፒንሳ ተጋድሟል፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ጠብታ ተንጠልጥሏል። የእንጨት መቆንጠጫዬ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፣ ደረቅ። እህም ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ የሌለ ነገር ይፈልጋል።

“በዚህ ነው የነከርከው?”

“እና በምን ልንከረው? ሴትዮዋ ቆመው ሰዓት እየቆጠሩ! ያንቺ እንጨት ያንሸራትታል።”

“ብሩን አሳፈርከው። ብረት አስገብተህ አሳፈርከው።” ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ አሲዱ ውስጥ ስላለው መዳብ፣ ብረት ስለሚያደርገው፣ ስለ ጉትቻው። እየሰማኝ ፊቱ ተለዋወጠ። እውነቱን ልናገር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላወቀም ነበር። ከልቡ መዳብ መስሎታል። ዞሮ እህምን አየው።

“እህም” አለ እህም፣ አዎ በሚል አንገቱን እየነቀነቀ።

“ይጸዳል?” አለኝ ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ይጸዳል እንጂ። አዲስ አሲድ እበጠብጣለሁ፣ ቁስል የሚታጠብበትን ያን አረፋ የሚያወጣ መድኃኒት ጠብ አደርግበታለሁ፣ ቀዩ ይለቃል። አንተ ግን መጀመሪያ ውጣና ተሳስቻለሁ በላቸው።”

በሁለቱ ክፍሎች መሃል ያለውን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ቲቸርን አየ። ከዚያ “እትዬ” አለኝ።

ከሦስት ዓመት በኋላ! ሆዴ ሊባባ ምንም አልቀረውም።

“እትዬ፣ እስቲ አስቢው። ማኅተም መትቼ ሰጥቻለሁ። አሁን ወጥቼ ‘ብርና መዳብ አልለይም’ ልበል? ከዚያ በኋላ ማን ነው ወርቁን ይዞ በዚህ በር የሚገባው? ከመስታወቱ ውስጥ አንድ የሚያምር ሐብል መርጬ እሰጣቸዋለሁ፣ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።”

“አባቴስ?”

“አባትሽን እወዳቸው ነበር። ግን ሞተዋል። የሞተ ሰው ምን ይጎድልበታል? ሱቁ ግን በሕይወት አለ፤ ሦስታችንም በሱ ነው የምንኖረው።”

“ቤት ለቤት ነው የምዞረው ሲሉ አልሰማህም?”

“ለሳምንት ያወሩታል። ከዚያ ይረሳል።”

“እኔ አልረሳውም።”

እትዬ ያለኝ ልጅ ጠፍቶ ካርዱን ያሳተመው ሰውዬ ተመለሰ። “እንግዲያው ምርጫው ያንቺ ነው” አለ። “ወይ ዝም ትያለሽ፣ ወይ ሽርጥሽን ትፈቻለሽ።”

ፈራሁ። አልዋሽም። አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ከሦስት ሳህንና ከአንድ ብሩሽ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ የሚጦረኝም የለም። ግን ያቺ ማያያዣ ላይ ያለችው ፊት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። አንድ ክር ብር ከደንበኛ ቢተርፈው በወረቀት ጠቅልሎ ይመልስ የነበረ ሰው፣ አሁን አፉን ከፍቶ ሊከራከር የማይችል ሰው፣ በአንድ ፒንሳ ምክንያት ሌባ ሊሆን ነው። የፈራሁትን ያህል ተናደድኩ፤ ከዚያ ቁጣዬ በለጠ።

ሽርጤን ፈታሁ። እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። የአሲዱን ማሰሮ በሁለት እጄ አቀፍኩ፣ ፒንሳውንና የእንጨት መቆንጠጫውን ኪሴ ከተትኩ፣ በክርኔ መጋረጃውን ገለጥኩና ወደ ፊት ወጣሁ።

“መስታወቱን ታበላሺዋለሽ!” አለ ማሰሮውን ባንኮው ላይ ሳሳርፈው።

“ይበላሽ!”

ቲቸር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

“ቲቸር፣ አይፍሩ” አልኳቸው። “ይኼ ኩርፍተኛ ፊት አባቴ ነው። እኔ የሌባ ልጅ አይደለሁም። ጥቂት ደቂቃ ይስጡኝና ካላመኑኝ ወረቀቱን ይዘው ይዙሩ፤ እኔም አብሬዎት እዞራለሁ።”

ቀለበቴን ላወልቅ ያዝኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያልወለቀ ቀለበት በአንድ ጊዜ ይወልቃል? እምቢ አለ። የገዛሁትን ሳሙና ከወረቀቱ አውጥቼ፣ ምራቄን እንትፍ ብዬ ጣቴን አሟለጭኩት። አሁንም ሳሙና ነው የደረሰልኝ። ቀለበቷን ለቲቸር አሳየኋቸው፤ ነጭ ናት፣ ውስጧ ላይ ያቺው የተኮሳተረች ፊት አለች።

“መጀመሪያ በእንጨት” አልኩና በመቆንጠጫው ይዤ አሲዱ ውስጥ ከተትኳት። “ቲቸር፣ እስከ አምሳ ይቁጠሩልኝ።”

ግር ብሏቸው አዩኝ። ከዚያ ልማድ ነውና፣ ጮክ ብለው፣ አርባ ተማሪ ፊታቸው እንደተቀመጠ ሁሉ ጥርት አድርገው ቆጠሩ። አምሳ ሲሉ አወጣኋት። ነጭ።

“አሁን ደግሞ የኔ ጌታ በነከረበት።” ፒንሳውን ከኪሴ አወጣሁና ያንኑ ቀለበት፣ እዚያው አሲድ ውስጥ ከተትኩ። ቲቸር እንደገና ቆጠሩ። ሃያ ላይ ስትደርስ ጠርዟ ሞቅ አለ። ሠላሳ አምስት ላይ ቀላ። አምሳ ላይ ሳወጣት ከሐብሉ ጋር እህትና እህት ሆነዋል።

አገኘሁት ብዬ ቀና ስል ዳይሬክተሩ ይስቃል።

“ይኸው!” አለ። “ከዚህ በላይ ምስክር አለ? ያንቺም ተላጠ! አባትየው ለገዛ ልጃቸውም መዳብ ነው የሰጡት። እማማ፣ ይዩት እንግዲህ።”

ይኼን አላሰብኩትም ነበር። ቲቸር ወደኔ ዞሩ፤ ቅድም የነበረው ቁጣ ከዓይናቸው ጠፍቶ በቦታው ሐዘኔታ ገብቷል። ምስኪን፣ እሷንም አታሏታል፣ የሚል ሐዘኔታ። ቁጣውን እችለው ነበር። ይኼኛውን አልቻልኩትም። ቀይ ቀለበት በፒንሳ ይዤ፣ ሳሙና በተለቀለቀ እጄ፣ ሱቁ መሃል ቀረሁ።

“እህም።”

ሦስታችንም ዞርን። እህም መጋረጃው ሥር ቆሟል። እንደ ልማዱ ይተወዋል ብዬ ጠበቅኩ። አልተወውም።

“አፍሯል” አለ። “አልተላጠም። አፍሮ ነው።”

“ምን ማለት ነው አፍሯል?” አሉ ቲቸር።

እህም ዳይሬክተሩን አላየውም። በኔ በኩል መጥቶ ቀጭን ሞረድ እጄ ውስጥ አስቀመጠ። “የሳቸውን ሐብል አትንኪ” አለ። “ያንቺን ቁረጪው።” ይኼን ብሎ ንግግሩ አለቀበት። የዓመት ድርሻውን ጨርሶ ነበር።

ምን እንዳለኝ ወዲያው ገባኝ። የተለበጠ መዳብ ከሆነ ሞረድ በገባበት ልክ ቀይ እየሆነ ይሄዳል። ብር ከሆነ ከላይ ያለው ቀይ ይነሳና እስከ እምብርቱ ነጭ ነው። የሚያሳዝነው፣ ከአባቴ እጅ የቀረችኝ ነገር ያቺው ቀለበት ብቻ ናት። እሱ የወለወላት፣ ቆንጆ አድርጎ ያድቦለቦላት፣ አንድም ጭረት የሌለባት ቀለበት። ጠፍጣፋ ቆርቆሮም ላይ ቢሆን ጭረት ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር።

“አባዬ፣ ይቅር በለኝ” አልኩ ጮክ ብዬ፤ ማንም ይስማኝ።

ከፊቷ በተቃራኒ በኩል ሞረዱን አሳረፍኩና ገፋሁ። መጀመሪያ ቀይ ዱቄት ወረደ። ሁለተኛ ስገፋ ነጭ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ነጭ። ዳይሬክተሩ “በቃ፣ በቃ” አለ፤ አላቆምኩም። የቀለበቷን ግማሽ ውፍረት እስክደርስ ሞረድኩ። ከማጉያው መነጽር ጋር ለቲቸር ሰጠኋቸው።

ብርሃን ወዳለበት ሄዱና ረጅም ጊዜ አዩ። ገልብጠው አዩ።

“ነጭ ነው” አሉ። “እስከ ውስጡ ድረስ ነጭ ነው።”

“የእናትዎም ሐብል እንደዚሁ ነው። እሱን ሳልቆርጥ መልሼ አነጣልዎታለሁ።”

ወደ ባንኮው ተመልሰው ወረቀቱን አነሱ፣ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ቀይ እስክሪብቷቸውን አወጡ። “መዳብ” የሚለው ላይ ሰረዝ። “በብር የተለበጠ” የሚለው ላይ ሰረዝ። ከጎኑ የኤክስ ምልክት። ወረቀቱን ወደ ዳይሬክተሩ ገፉት።

“ደግመህ ጻፍ።”

“እማማ፣ እኔ እኮ...”

“እማማ አትበለኝ። ደግመህ ጻፍ፣ እጅ ጽሕፈትህንም አስተካክል።”

አዲስ ወረቀት አወጣ። “የአንገት ሐብል፤ ንጹህ ብር” ብሎ ጻፈ። ማኅተሙን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት።

“ምልክቱንም ጻፍበት” አልኩት። “የተኮሳተረ ፊት በል። አንተ፣ አትዝለለው።”

ደንበኛ ፊት አንተ ስለው ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ዓይኑን መጀመሪያ የሰበረው እሱ ነው። ጻፈው። ማኅተሙን መታ።

ከዚያ በኋላ ሐብሉን አጸዳሁ። ያለ ሽርጥ ነው ያጸዳሁት። ከጎን ካለው መድኃኒት ቤት ያንን መድኃኒት አስመጣሁ፣ አዲስ አሲድ በጠበጥኩ፣ በእንጨት መቆንጠጫዬ ይዤ ነከርኩ። ቀዩ ቀስ እያለ ለቀቀ። በሶዳ አጠብኩት፣ በሰማያዊው ሳህን በለብታ ውኃና በሳሙና አጠብኩት፣ ሰጋቱራው ውስጥ ቀብሬ አደረቅኩት፣ በጥጥ ጨርቅ ወለወልኩት። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ቲቸር “በአሥር ደቂቃ እንደ አዲስ!” ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንዴም ሰዓታቸውን ሳያዩ ጠበቁኝ። አንገታቸው ላይ ሳጠልቅላቸው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል።

ሳህኖቼን አንዱን በአንዱ ውስጥ ደራርቤ ስወጣ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሽርጤን እንደያዘ ነው።

“ሽርጡን... መልሰሽ መልበስ ትችያለሽ” አለ። “ያለፈው አልፏል።”

“ማስታወቂያውን ታወርዳለህ?”

ማስታወቂያውን ቀና ብሎ አየና ሽርጤን ያጣጥፍ ጀመር።

“ደህና ዋል” አልኩት።

አሁን የምሠራው ቤቴ ነው፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ። መጀመሪያ የቲቸር እህቶች መጡ፣ ቀጥለው ጎረቤቶቻቸው። የመጡት ሁሉ ያንን ኩርፍተኛ ፊት ፍለጋ ጌጣቸውን እየገለበጡ ያሳዩኛል። አንዷ ቸኩላ “በስንት ደቂቃ ይደርሳል?” ካለችኝ ወንበር አሳያታለሁ። ሲከፋ ይከፋኛል፤ ሥራ የሚጠፋበት ሳምንት አለ፣ ያን ጊዜ አንጀቴን አስሬ እቀመጣለሁ። ግን አንድም ቀን ሽርጡ አልናፈቀኝም። እህም በዕረፍት ቀኑ ብቅ ይላል። ይቀመጣል፣ “እህም” ይላል፣ እኔም “እውነትህን ነው” እለዋለሁ፣ ተግባብተን እንለያያለን።

የሚመጣ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ዓይኑ ጣቴ ላይ ያርፋል። ቀለበቷ እንደቀላች ናት። ጎኗ ላይ በሞረድ የተቆረጠ ስርጉድ አለ።

“የሰውን ሁሉ እያነጣሽ የራስሽን ምነው?” ይሉኛል።

አንድ ጊዜ ብነክራት ቀዩ ወዲያው ይለቃል። ሁሉም ነገር አጠገቤ ነው፣ አሲዱም፣ መድኃኒቱም፣ እንጨቱም። አልነክራትም። ያፈረችው በሷ ጥፋት አይደለም። ጣቴን ወደ መስኮቱ አዞርና ስርጉዱን ብቻ በጨርቅ ወልወል አደርገዋለሁ፤ ቀዩን የጠየቀኝ ሰው ነጩን ሳያይ ከቤቴ አይወጣም።